ሲደርቅ የሚለመልም ረግረግ፦ የሱሪስ ወንዝ የአፈር ግድቦች

ግድብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ትልቅ የኮንክሪት ግንብ ነው። ከኋላው ጥልቅ ውሃ፣ ከፊቱ ተርባይን። ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላ ዓይነት ግድብ ነው። ከአፈር የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ተራ የገጠር መንገድ የሚመስል። ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ሥራው ውሃን ስስ አድርጎ ሜዳ ላይ ማስተኛት ነው። የተሠራውም በዋናነት ለዳክዬና ለዝይ ነው።

ቦታው አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ ነው። ወንዙ ሱሪስ ይባላል። በወንዙ የታችኛው ክፍል ላይ አምስት ዝቅተኛ ግድቦች ተደርድረዋል። ዙሪያቸው ያለው 24 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ዛሬ የጄ. ክላርክ ሳልየር ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እነዚህ ግድቦች ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያደንቀው ውሃ መያዛቸውን ነው። እኔ ደግሞ የማደንቀው ውሃ የሚለቁበትን መንገድ ነው። ረግረጉ ከ80 ዓመት በላይ በሕይወት የቆየው በሮቹ በየጊዜው ስለሚከፈቱ ነው። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ግን በሩን የሚከፍተው ሰው እጁ ነፃ አለመሆኑ ነው።

ወንዙና ሜዳው

ሱሪስ የሚነሳው ከካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት ደቡባዊ ክፍል ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ሰሜን ዳኮታ ይገባል። ማይኖት የምትባለውን ከተማ መሀል ለመሀል ያቋርጣል። ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ተመልሶ ካናዳ ይገባል። ማኒቶባ ግዛት ውስጥ ከአሲኒቦይን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ርዝመቱ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ወንዝ፣ ሁለት አገር፣ ሦስት የግዛት መንግሥታት ማለት ነው።

ውሃው በአብዛኛው የሚመጣው ከበረዶ መቅለጥ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሜዳው ላይ የከረመው በረዶ ይቀልጣል፣ ወንዙም ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐዩና ነፋሱ ውሃውን ይመጡታል። በአንዳንድ ዓመት ወንዙ ጭራሽ መፍሰሱን ያቆማል። በሌላ ዓመት ደግሞ ከተማ ያጥለቀልቃል። መካከለኛ የሚባል ዓመት ብዙም አያውቅም።

በታችኛው ክፍል ያለው መሬት እጅግ ልሙጥ ነው። በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ እዚህ ሰፊ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ወለሉ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ሱሪስ በዚህ የቀድሞ ሐይቅ ወለል ላይ ሲጓዝ ቁልቁለቱ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ወንዙ ላይ ዝቅ ያለ የአፈር ግድብ ቢያቆሙበት፣ ውሃው ወደ ኋላ ለኪሎ ሜትሮች ይተኛል። ጥልቀት የለውም፣ ስፋት ግን አለው። ተራራማ አገር ላይ ይህን ለማግኘት አይሞከርም። ለዳክዬ ደግሞ የሚመቸው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ያባረሩት

ረግረጉ ድሮም ነበረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን መሬቱን እናርሳለን ያሉ ሰዎች ቦይ ቆፍረው ውሃውን አፈሰሱት። የዘመኑ አስተሳሰብ ነበር፤ ረግረግ ማለት ባክኖ የተቀመጠ መሬት ማለት ነበር። እርሻው ግን እንደታሰበው አልሆነም። አፈሩ ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የ1930ዎቹ ድርቅ መጣ። በመላው የአሜሪካና የካናዳ የሣር ሜዳ አቧራ እንደ ደመና የተነሣበት ጊዜ ነው። ገበሬው እህል አጣ፣ ዳክዬውም መራቢያ ውሃ አጣ። ረግረግ ደርቆ እርሻም ሳይሆን ቀረ።

የዱር ዳክዬ ቁጥር በዚያ ጊዜ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1934 የዱር እንስሳት ጉዳይን ለሚከታተለው የባዮሎጂ ጥናት ቢሮ አዲስ ኃላፊ ሾሙ። ሰውየው ጄ ኖርውድ ዳርሊንግ ናቸው፣ በብዕር ስማቸው «ዲንግ»። የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበሩ። ከዚህም በላይ የሩዝቬልት ፖለቲካ ተቃዋሚ ነበሩ። ሹመቱን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የዳክዬ አዳኞች በአንድ ዶላር ቴምብር እንዲገዙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል የሣሉት ራሳቸው ዳርሊንግ ናቸው። ቴምብሩ ዛሬም አለ፣ ዋጋው 25 ዶላር ደርሷል። ገንዘቡ ለወፎች መኖሪያ መሬት መግዣ ይውላል።

ዳርሊንግ መሬት የሚመርጥላቸው ሰው ፈለጉ። ያገኙት ጄ. ክላርክ ሳልየርን ነው። ሳልየር አውሮፕላን መሳፈር አይወዱም ነበር። ስለዚህ መኪናቸውን አስነሡ። በ6 ሳምንት ውስጥ 18 ሺህ ማይል፣ ማለትም 29 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ መጠለያ የሚሆን መሬት መረጡ። የዚያን ዘመን መንገድ ለሚያስብ ሰው ይህ የሚገርም ጉዞ ነው። ሳልየር እስከ 1961 ድረስ በዚሁ ሥራ ቆዩ። በ1966 ሲያርፉ፣ በማግስቱ ዓመት የታችኛው ሱሪስ መጠለያ በስማቸው ተሰየመ።

ግድቦቹ ሲሠሩ

የላይኛውና የታችኛው ሱሪስ መጠለያዎች የተቋቋሙት በ1935 ነው። የሠራተኛ ችግር አልነበረም። ሥራ አጥነት አገሩን ስላጥለቀለቀው መንግሥት ወጣቶችን በሲቪል ጥበቃ ጓድ አደራጅቶ በካምፕ ያሠራ ነበር። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ሲሆን 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። አፈር ቆፍረው፣ አጓጉዘውና ጠቅጥቀው ግድብ ያቆሙ እነዚህ ልጆች ናቸው።

በታችኛው መጠለያ አምስት ግድቦች ተሠሩ። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው፦ 320፣ 326፣ 332፣ 341 እና 357። እያንዳንዱ ከኋላው አንድ ሰፊ ኩሬ ይይዛል። አንዱ የለቀቀው ውሃ ወደ ቀጣዩ ይወርዳል።

ከእነዚህ ሽቅብ፣ ከማይኖት ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ደግሞ ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ተሠራ። ከኋላው የተኛው ውሃ ዳርሊንግ ሐይቅ ተባለ። ወደ 136 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሐይቁ ለራሱም የወፍ መኖሪያ ነው፣ ዋና ዓላማው ግን ሌላ ነበር። በድርቅ ዓመት ለታችኞቹ ረግረጎች ውሃ የሚያጠጣ ጋን እንዲሆን ነው የታሰበው። ይህ ብልህ አሠራር ነው። አምስቱን ትናንሽ ግድቦች ለብቻቸው ቢያቆሟቸው ኖሮ፣ በመጀመሪያው ደረቅ ዓመት ባዶ ሜዳ ላይ የቆሙ የአፈር ክምሮች ሆነው ይቀሩ ነበር።

አፈር እንዴት ውሃ ይይዛል

ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ግድቡ የሚሠራው ከሸክላማ አፈር ነው። አፈሩ በስሱ ይነጠፋል፣ እርጥበቱ ይስተካከላል፣ ይጠቀጠቃል፣ ሌላ ንጣፍ ይደረባል። በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላማ አፈር ውሃን በጣም በዝግታ ነው የሚያሰርገው። ውሃው በሚነካው ጎን ላይ ድንጋይ ይደረደራል። በዚያ ሜዳ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ሞገዱ ቀንና ሌሊት አፈሩን ሲልስ ይውላል፣ ድንጋይ ከሌለው በጥቂት ዓመት ግድቡን ይበላዋል።

ወንዙ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ከኮንክሪት የተሠራ መውጫ አለ፣ በሮች አሉት። ውሃው የሚለካውና የሚለቀቀው እዚያ ነው። ከዚህ ሌላ ጎርፍ ሲመጣ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ያስፈልጋል። የአፈር ግድብ ትልቁ ጠላት አናቱን አልፎ የሚፈስ ውሃ ነው። ኮንክሪት ቢያልፈውም ይችላል። አፈር ግን አንዴ መሸርሸር ከጀመረ በሰዓታት ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ግድብ የሚጠብቅ ሰው በየጊዜው የሚያየው ሌላም ነገር አለ። በደረቁ ጎን ሥር የረጠበ ቦታ አለ ወይ? የሚወጣው ውሃ ጠራ ወይስ ደፈረሰ? የጠራ ውሃ ከሆነ ጥቂት ስርገት ነው፣ ከሱ ጋር መኖር ይቻላል። የደፈረሰ ከሆነ ውሃው ከውስጥ አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ያ አደገኛ ነው። ዛፍም እንዲበቅልበት አይፈቀድም፣ ሥሩ ለውሃው መንገድ ይከፍታል። ሣሩ ይታጨዳል፤ ጉድጓድ ካለ እንዲታይ።

ጉድጓድ የሚቆፍረው ማን ነው? መስክራት የሚባል ጠጉራም የውሃ አይጥ ነው። ድመት የማያህል እንስሳ ነው። መግቢያውን ከውሃ በታች ያደርግና ወደ ላይ ወደ ውስጥ እየቆፈረ ደረቅ ጎጆ ይሠራል። ግድቡ ውስጥ ሲቆፍር የግድቡ ጠላት ነው። ረግረጉ ውስጥ ግን ይኸው እንስሳ ትልቅ ባለውለታ ነው። ፊላውን እየቆረጠ ይበላል፣ በቆረጠውም ጉብታ የሚያህል ቤት ይሠራል። በዚህ ምክንያት ጥቅጥቅ ያለው ፊላ መሀል ክፍት ውሃ ይፈጠራል። ቤቱ አናት ላይ ደግሞ ዝይ እንቁላል ትጥላለች። የመጠለያው ሠራተኛ በአንድ እጁ መስክራትን ከግድቡ እያባረረ፣ በሌላው ረግረጉ ውስጥ እንዲበዛለት ይመኛል።

ለምን ይደርቃል?

ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። ረግረግን ለመጠበቅ ውሃውን ሳይጎድል፣ ሳይጨምር፣ እንዳለ ማቆየት የሚበቃ ይመስላል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ረግረጉን ቀስ አድርጎ ይገድለዋል።

የደንገልና የፊላ ዘሮች ጥልቅ ውሃ ሥር አይበቅሉም። ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተኝተው ይጠብቃሉ። ውሃው ሲወርድና ጭቃው ፀሐይ ሲያይ ነው የሚነቁት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ባዶው ጭቃ አረንጓዴ ይሆናል። የሞተው ቅጠልና ገለባም አየር ሲያገኝ ይበሰብሳል፣ ታስሮ የነበረው ምግብ ይፈታል። ከዚያ ውሃው ቀስ ብሎ ሲመለስ ትናንሽ የውሃ ነፍሳት በብዛት ይራባሉ። የዳክዬ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በእነዚህ ነፍሳት ነው። ዘር በልቶ አይደለም። ጫጩት ፕሮቲን ይፈልጋል።

ውሃው ለዓመታት በአንድ ከፍታ ከቆመ ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል። ጥልቅ በሆነው በኩል እጽዋቱ እየሞቱ ሄደው ባዶ ኩሬ ይቀራል። ቀለል ባለው በኩል ፊላ ብቻውን ሁሉንም ይሸፍነዋል፣ ወፍ የምታርፍበት ክፍት ውሃ ይጠፋል። ባለሙያዎች የሚመኙት ግማሹ ክፍት ውሃ፣ ግማሹ ፊላና ደንገል የሆነ ቅይጥ ነው። ወፎቹ የሚበዙት እዚያ ላይ ነው። ይህ ቅይጥ ደግሞ በራሱ አይቆምም፣ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ጎን ይንሸራተታል።

ይህ ግምት አይደለም። እዚያው ማኒቶባ ውስጥ ዴልታ ረግረግ የሚባል በዓለም የታወቀ የወፎች ቦታ አለ፣ ከማኒቶባ ሐይቅ ዳር። የሐይቁ ውሃ ከ1961 ጀምሮ በግድብ እየተስተካከለ በጠባብ ወሰን ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ። ለሐይቁ ዳር ነዋሪ ተመቸው። ረግረጉ ግን መውጣትና መውረዱ ሲቀርበት ተጎዳ። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ ተመራማሪዎች እዚያ በአፈር ግድብ የተከበቡ 10 ኩሬዎች ሠሩ። በየኩሬው ውሃውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለ10 ዓመት ያህል ተከታተሉ። መድረቅና መሙላት የረግረጉ እስትንፋስ መሆኑን በዝርዝር ያሳየ ሥራ ነው።

ሱሪስ ላይ አምስት ኩሬ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። አንዱን ሲያደርቁ ሌላው ሙሉ ይሆናል። ወፎቹም አማራጭ አያጡም። ግን ኩሬዎቹ በአንድ ወንዝ ላይ የተደረደሩ ናቸው። የላይኛውን ለማድረቅ የታችኛው ውሃውን መቀበል አለበት። መሬቱ ልሙጥ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይሄድም። ዛሬ በር ከፍቶ ነገ ጭቃ ማየት የለም፣ ሳምንታት ይወስዳል። ዘሩ ደግሞ በጊዜው ካልነቃ ብርዱ ይቀድመዋል። በዚያ አገር የእድገት ወቅት አጭር ነው።

እነማን ይኖሩበታል

በመጠለያው ከ300 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከ100 በላይ የሚሆኑት እዚያው ጎጆ ይሠራሉ። ከዳክዬዎቹ ማላርድ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ቲል፣ ጋድዎል፣ ቀይ ራሱ ካንቫስባክ አሉ። ካንቫስባክ ጎጆዋን የምትሠራው ውሃ ላይ፣ ፊላ መሀል ነው። ማላርድና ፒንቴይል ግን ሣር ውስጥ ነው የሚጥሉት። ፒንቴይል ከውሃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ልትጥል ትችላለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በማግስቱ እናታቸውን ተከትለው ያን ሁሉ መንገድ በእግር ይሄዳሉ። ስለዚህ ግድቡ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ዙሪያው የሣር ሜዳ ካልሆነ ውሃው ዳክዬ አያፈራም።

ፒንቴይል ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለችም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሱ የዚሁ ዝርያ ወፎች ብርዱን ሸሽተው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ይከርማሉ። የሰሜን ዳኮታዎቹ መንገዳቸው ሌላ ነው፣ ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችና ወደ ሜክሲኮ ይወርዳሉ። ዝርያው ግን አንድ ነው። ባቱ አጠገብ ባለው ዝዋይ ሐይቅ ዳርም የምትፈልገው ያንኑ ስስ ውሃና ዘር ያለበት ጭቃ ነው።

መጠለያው ሲቋቋም ጀምሮ ባለሙያዎች ጎጆዎቹን ይከታተሉ ነበር። ከ1936 ጀምሮ የተደረገው ጥናት ስካንክ የሚባለው ሽታም አውሬ ብዙ እንቁላል እንደሚበላ አሳየ። በኋላ ኩሬዎቹ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ተጠኑ። በውሃ የተከበበ ጎጆ ላይ ስካንክና ቀበሮ በቀላሉ አይደርሱም። ዛሬ በብዙ አገር ለወፍ ተብለው የሚሠሩ ደሴቶች ጥናት አንዱ መነሻ እዚህ ነው።

በሩ የማን ነው?

መጠለያውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። ሕጉ ላይ በሩ የሱ ነው። ወንዙ ግን የሱ ብቻ አይደለም።

ከመጠለያው ሽቅብ፣ በቶውነር አካባቢ፣ ከብት አርቢዎች አሉ። በጸደይ ወንዙ ሜዳቸውን ሲያጠጣላቸው ጥሩ ድርቆሽ ያገኛሉ። ውሃው ቶሎ ካልወረደላቸው ግን ሣሩ ይበሰብሳል፣ ማሽንም አይገባም። ከመጠለያው ቁልቁል ደግሞ ማኒቶባ አለች። በ1959 በሁለቱ አገሮች መካከል በጸደቀው የውሃ ክፍፍል መሠረት፣ ሰሜን ዳኮታ ከሰኔ እስከ ጥቅምት በሰከንድ 20 ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ለማኒቶባ ታሳልፋለች። ይህ ከ600 ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው። ብዙ አይመስልም። በድርቅ ዓመት ግን ኩሬው ከሚፈልገው ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ ነው። ማኒቶባም ብትሆን ትክክል ናት። እዚያም ወንዙን የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ።

ከሁሉ የከበደው ግን ጎርፍ ነው። ማይኖት በ1969 በጎርፍ ተመታች። የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ጓድ በ1970ዎቹ በርሊንግተን አጠገብ ትልቅ ግድብ ሊሠራ አሰበ። ተቃውሞ ገጠመውና ቀረ። በምትኩ ሳስካችዋን ራፈርቲና አላሜዳ የሚባሉ ሁለት ግድቦችን ስትሠራ፣ አሜሪካ ለጎርፍ ማቆሚያ የሚሆን ቦታ እንዲተውላት 41.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። የ1989 ስምምነት የሚባለው ይህ ነው። ራፈርቲ በካናዳ ትልቅ የፍርድ ቤት ክርክርም አስነሥቷል። ፍርድ ቤቱ በ1989 የአካባቢ ጥናት በሥርዓቱ ሳይደረግ የተሰጠውን ፈቃድ ሻረ።

በዚያ ስምምነት ዳርሊንግ ሐይቅም አዲስ ሥራ ተሰጠው። በ1930ዎቹ ለወፍ የተሠራው ግድብ አሁን ከተማ ጠባቂ ሆነ። በ1990ዎቹ ለዚሁ ሲባል ተሻሻለ። ችግሩ ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት ተቃራኒ መሆኑ ነው። ጎርፍ ለመከላከል ሐይቁ ከክረምቱ (ከበረዶው ወቅት) በፊትና በክረምቱ ዝቅ ብሎ ለበረዶው ውሃ ቦታ መተው አለበት። ረግረጉ ደግሞ ሙሉ ጋን ይፈልጋል። ውሃው ተለቆ ከዚያ የጸደዩ በረዶ ቀላል ከሆነስ? ያን ዓመት የታችኞቹ ኩሬዎች ይጠማሉ። በዝቅተኛ ውሃ ላይ በረዶ ሲከደንበት ዓሣውም አየር ሊያጥረው ይችላል።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ታዲያ የሚወስነው ገና ያልወረደ በረዶን ገምቶ ነው። ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። ቢሳሳት በአንድ በኩል ከተማ፣ በሌላ በኩል የአንድ ዓመት ጫጩት ነው የሚጠፋው። ከተማ ይቀድማል፣ በዚህ ክርክር የለኝም። የሰው ቤት ነው።

2011

በ2010 መከር አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ነበር ወደ ክረምቱ የገባው። ክረምቱ ብዙ በረዶ ጣለ። ጸደዩም ዝናባማ ሆነ። ግድቦቹ በሙሉ ሞልተው ሳለ፣ ሰኔ ላይ ሳስካችዋን ውስጥ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚይዘው ነገር አልነበረም። የካናዳ ግድቦችም፣ ዳርሊንግም የመጣላቸውን ወደ ታች ከማሳለፍ ሌላ ምርጫ አጡ።

ማይኖት ላይ ወንዙ በሰኔ መጨረሻ ከ1881 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን በአንድ ሜትር ያህል በልጦ አለፈ። ከ11 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከ4 ሺህ በላይ ቤቶች በውሃ ተጥለቀለቁ። የብዙ ሰው ዕድሜ ልክ ንብረት በጥቂት ቀን ጭቃ ሆነ። ስለ ወፍ መኖሪያ የሚጽፍ ሰው ይህን በጨረፍታ ሊያልፈው አይገባም።

ያ ሁሉ ውሃ ቀጥሎ የወረደው ወደ ታችኞቹ ረግረጎች ነው። መሬቱ ልሙጥ ስለሆነ ቶሎ አልለቀቀም። ለረግረግ እንዲህ ያለ ጎርፍ ጉዳትም ጥቅምም አለው። ጥልቅ ውሃ ከቆየበት ፊላው ታፍኖ ይሞታል፣ የተዘጋው ይከፈታል። በሌላ በኩል ዳር ዳሩ ያለው የሣር ሜዳ ከውሃ በታች ሲከርም ሣሩ ይሞታል። ውሃው ሲሸሽ የሚቀድመው አረም ነው። ውሃው ይዞት የሚመጣው ደለልም አለ። በየጎርፉ ከኩሬው ወለል ላይ ትንሽ ትንሽ ይጋገራል። ጥልቀቱ ገና ሲጀመር አንድ ሜትር ለማይሞላ ኩሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጎርፉ በኋላ ሁለቱ አገሮች የ1989ን የአሠራር ዕቅድ እንደገና አስጠኑ። የሁለቱን አገሮች የጋራ ውሃዎች የሚከታተለው ዓለም አቀፉ የጋራ ኮሚሽን ያቋቋመው የጥናት ቦርድ ከ2017 ጀምሮ ሠርቶ በ2021 ሪፖርቱን አቀረበ። በሮቹን በተሻለ ጊዜ በመክፈትና በመዝጋት ብቻ የ2011ን ዓይነት ጎርፍ ማስቀረት እንደማይቻል ነው ያሳየው። መሻሻሎች አሉ፣ ግን መጠነኛ ናቸው። ማይኖትም በበኩሏ የራሷን የመከላከያ ግንቦችና ክትሮች መሥራት ጀምራለች።

እኔ ይህን ለረግረጉም ጥሩ ዜና አድርጌ ነው የማየው። ከተማዋ በራሷ ግንብ በተጠበቀች መጠን፣ ዳርሊንግ ሐይቅ የተሠራለትን ሥራ እንዲሠራ ቦታ ሊገኝለት ይችላል። እስከዚያው ግን ችግሩ የጊዜ ነው። ኩሬ ማድረቅ ያለበት በጸደይ መጨረሻ ነው፣ ዘሩ እንዲነቃ። በዚያው ወቅት ወንዙን የሚመራው የጎርፍ ደንብ ነው። ዝናባማ ዓመቶች በተከታታይ ከመጡ፣ ግድብ 326ን ወይም 341ን ማድረቅ ይቅርና ማጉደልም ያስቸግራል። የመጠለያው ሰዎች በየዓመቱ የትኛው ኩሬ እንደሚደርቅና የትኛው እንደሚሞላ ያቅዳሉ። ዕቅዱ መሳካት አለመሳካቱን የሚያውቁት ግን መጋቢት ላይ የሳስካችዋን በረዶ ሲለካ ነው።